በሰዓቱ ስላረፈው አውሮፕላንና ስለ ጥሩምባዬ

ለክቡር አቶ ሮማን ስታሽቺክ
የቢያዋ ሜቫ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግዳንስክ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለእርስዎም ሙሉ ጤናና እጅግ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

ቪቶልድ ኩርፓስ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ ጥሩምባ ነፊ ነኝ። በስም ባያውቁኝም በድምፅ ያውቁኛል፤ አውሮፕላኖችዎ በሰዓቱ ባረፉ ቁጥር ለመንገደኛው የሚለቀቀውን የዘጠኝ ሰከንድ የደስታ ጥሩምባ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የነፋሁልዎ እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥቅምት ቪየና ትኖር የነበረችው እህቴ ቦዥና አረፈች። መቃብሯ ላይ ጥሩምባ እንድነፋላት በሕይወት ሳለች ቃል አስገብታኝ ነበር። ቀብሩ ስድስት ሰዓት፣ አውሮፕላንዎ የሚደርሰው ደግሞ አምስት ሰዓት መሆኑን አይቼ፣ ጥሩምባዬን ታቅፌ ተሳፈርኩ። ከዚያ በኋላ ስለተዋለልኝ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከግዳንስክ ቪየና ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ቢበዛ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢፈጅ ነው። እርስዎ ግን በርኅራኄዎ የበረራ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ብለው ስላስጻፉት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይተን ተነሥተን አምስት ደቂቃ ቀድመን ደረስን። ቀድሞ መድረስን እንዲህ ያቀለለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅምና አደንቅዎታለሁ።

ሁለተኛ፤ ያረፍንበት ስፍራ «ቪየና ምሥራቅ» ይባላል። ቪየና ግን እዚያ የለችም፤ ያለው የጎመን እርሻ ነው። ከተማዋ ዘጠና ስድስት ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ ቲኬቱ «እስከ መሃል ከተማ አሥር ደቂቃ» ይላል። ቅሬታዬን የተቀበሉት የአየር መንገድዎ ወይዘሪት በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ ደቂቃው የተሰላው በአውሮፕላን ፍጥነት ነው። ለእኔ የቀረበልኝ ግን አውቶቡስ ነበር፤ እሱም ከሁለት ሰዓት በላይ ተጓዘ።

ሦስተኛ፤ ጎማው መሬት እንደነካ የገዛ ጥሩምባዬ ተለቀቀ፤ መንገደኛውም እንደ ልማዳችን አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት «እሰይ፣ እንዴት ያለ ነፊ ነው! ትንፋሹን አይንሣው!» ሲሉ እኔም ጎመኑን ገና አላየሁምና ለራሴ አብሬ አጨበጨብኩ። ስምንት ሰዓት መቃብሩ ቦታ ስደርስ ቆፋሪው አካፋውን እያጠበ «አባት፣ ካህኑ እኮ እርስዎን ብለው ግማሽ ሰዓት ቆመዋል፤ ከዚያ በላይ ከየት ያምጡ?» አለኝ። ቦዥና ያለ ጥሩምባ ተቀበረች። እርጥቡ አፈር ፊት ቆሜ ልነፋላት ስሞክር ከዚያች ከዘጠኝ ሰከንድ ዜማ በቀር ከንፈሬ ላይ የመጣልኝ ነገር አልነበረም። ሰዓቴን መውሰድዎ ይቅር፤ ይህን ግን ይቅር አልልዎትም።

የበረራ ሰሌዳዎ እውነት በሆነበት መጠን ልክ የማከብርዎ፣

ቪቶልድ ኩርፓስ
የእርስዎው ጥሩምባ ነፊ

ማስታወሻ፤ የቤተሰብዎ የመቃብር ቦታ እዚሁ ግዳንስክ፣ ኦሊቫ ሰፈር መሆኑን አጣርቻለሁ። ከደጄ እስከዚያ አራት ኪሎ ሜትር፣ በእግሬ አምሳ ደቂቃ ነው፤ አንድም ደቂቃ አልጨመርኩበትም። ረጅም ዕድሜ የተመኘሁልዎ ከልቤ ነውና አልቸኩልም። ቀኑ ሲደርስ ግን፣ ሳጥንዎ መሬት እንደነካ፣ ያችኑ ዘጠኝ ሰከንድ እነፋልዎታለሁ። የሚያጨበጭብ አይጠፋም።