ሽጉጤን በር ላይ አስቀርተው ድቧን ላሳለፉልን ክቡር አስተዳዳሪ

ለክቡር አቶ ሃርላን ፕሪዊት
የካርቨር ሸለቆ የአደን ክልል ዋና አስተዳዳሪ
ሞንታና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለሙሉ ጤንነትዎ፣ በተለይም ለሁለቱ ጆሮዎችዎና ለዐሥሩ ጣቶችዎ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ በኮተንዉድ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ፣ ስድሳ አንድ ዓመት የሞላኝ፣ ከባለቤቴ ከኤልደን ጋር በክልልዎ ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያደንኩ ቨርና ስቶልቴ ነኝ። ቀደም ሲል በግል ለጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ለመስጠት ጊዜ እንዳጡ ስለተረዳሁ፣ አራተኛውን ከቁርስ ጋር እንዲያነቡት ብዬ ለከተማችን ጋዜጣ ሰጥቻለሁ። ድፍረቴን ይቅር እንደሚሉኝ አምናለሁ። ቅሬታዎቼንም ቢሮዎ እንደሚወደው በቁጥር አሰናድቻቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ዘንድሮ ስላወጡት «አንድ አዳኝ፣ አንድ መሣሪያ» የሚል መመሪያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እስካለፈው ዓመት ድረስ ከጠመንጃዬ ሌላ በቀበቶዬ ላይ አንድ ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ ይዤ እገባ ነበር። ለአጋዘን አልነበረም፤ ጠመንጃው እጄ ላይ በማይሆንበት ሰዓት ለሚመጣ ነገር ነበር እንጂ። እርስዎ ግን «የተረጋጋ አዳኝ ሁለተኛ መሣሪያ አያስፈልገውም» ብለው በአረንጓዴ ወረቀት አሳትመው በሩ ላይ ለጠፉልን። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ከባለቤቴ ጋር በሩ ላይ ስንደርስ በር ጠባቂዎ ዶይል የብረት ሳጥኑን ከፍቶ ቆሞ ነበር።

«ቨርና፣ ሽጉጥሽን እዚህ አስቀምጪልኝማ» አለኝ ዓይኔን ሳያይ።

«ዶይል፣ ባለፈው ሳምንት ላይኛው ጅረት ጋ የድብ ዱካ አየሁ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔው ነኝ። ምን ላድርግ እህቴ፣ ታዝዤ ነው።»

ኤልደን ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ስጪው ባክሽ! ድቡም ጥፍሩን እዚሁ አስረክቦ ነው የሚገባው አሉ» አለና ሳቀ። ዶይልም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ይህን የምጽፍልዎ ነገሩን አስቀድሜ ያወቅሁ ብልህ ሴት መስዬ እንዳልታይ ነው። ስቄ ነው የሰጠሁት።

ሁለተኛ፤ ስለ ዐሥሩ እርምጃ ነው። መመሪያዎ እንደሚያዝዘው፣ አንድ አዳኝ እንስሳ ከጣለ በኋላ ጠመንጃውን ጥይት አልባ አድርጎ፣ ከጓዙ ጋር ከሥጋው ዐሥር እርምጃ ማራቅ አለበት፤ ምክንያቱም ሰው ቢላዋ ይዞ ደም በተቀባ እጅ መሣሪያ ከነካ አደጋ ይደርሳል። ክቡር ሆይ፣ ሐሳቡ በቢሮ ውስጥ ሲታይ ምንም እንከን የለውም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ፣ ግዙፉን የአጋዘን ዘር፣ ከጥድ ደኑ ጠርዝ ላይ ጣልኩ። እኛ ሕግ አክባሪ ሰዎች ነን። ኤልደን ዐሥር እርምጃ ጮክ ብሎ ቆጥሮ ሁለቱንም ጠመንጃዎች ከወደቀ ግንድ ላይ አስደገፋቸው፤ የጀርባ ሻንጣዎቻችንንም ሥራቸው አኖረ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ፣ እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቅልሎ፣ የኤልኩን ሆድ ዕቃ ለማውጣት ተንበረከከ። እኔ የኋላ እግሩን ወጥሬ ያዝኩለት። ነፋሱ ከእኛ ወደ ግንዱ፣ ከግንዱም አልፎ ወደ ቁጥቋጦው ይነፍስ ነበር። የትኩስ ሥጋ ሽታ ይዞ ለማን እንደሚያደርስ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላሰብኩም።

መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽ ነው። ቀና ስል ግሪዝሊ የምንለው ትልቁ ቡናማ ድብ ከጠመንጃዎቻችን አጠገብ ቆሟል። ከጠመንጃዎቻችን አጠገብ፤ ወዲያ ማዶ ሳይሆን፣ ከእኛ ወዲህም ሳይሆን፣ ልክ እዚያ። አንደኛውን ጠመንጃ በአፍንጫው ገፋ አድርጎ አለፈው። ክቡርነትዎ ዐሥሩን እርምጃ የለኩት ለአዳኙ ሲሆን፣ ድቡ ግን በሦስት ዝላይ የሚጨርሰው ነው።

«ቨርና፣ እንዳትሮጪ» አለኝ ኤልደን በጣም ቀስ ብሎ። ክንዶቹ እስከ ክርናቸው በኤልኩ ሆድ ውስጥ ነበሩ።

ሮጥኩ። በደግ ልብ ቢያስቡልኝ፣ ድቡን በጎን ዞሬ ወደ ጠመንጃው ነበር የሮጥኩት። እውነቱን ግን እግሬ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከኋላዬ ኤልደን አንድ ጊዜ ስሜን ጠራ። ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ በዚህ ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡታል።

ሦስተኛ፤ በዚያው በአረንጓዴው ወረቀት ላይ «የድብ ማባረሪያ ርጭት ይበቃል» ስለተባለው ነው። ርጭቱን አልንቀውም፤ ብዙ ሰው አድኗል፤ እኔም ቀድሜ ያነሣሁት እሱን ነው። ኤልደን የራሱን በቀበቶው ታጥቆ ነበር፤ በግንባሩ ሲደፋ ሥሩ ቀረ። የእኔን ከሻንጣዬ ላይ ነቅዬ ወደ ድቡ ነፋሁት። ነፋሱ ግን፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩዎ፣ ወደ እኔ ነበር። የርጭቱ በርበሬ ሁሉ ተመልሶ ዓይኔና ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ድቡ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ከዚያ ጠመንጃውን አነሣሁ። ባዶ ነው፤ ሕግ አክብረን ባዶ አድርገነዋል። ጥይቶቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ጣቶቼ በሞራና በደም ስለተለወሱ የመጀመሪያው ጥይት ከእጄ አምልጦ ሣሩ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን በሁለት እጄ ይዤ አስገባሁትና አቀባበልኩ። ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በሚያነባ ዓይኔ፣ ከሁለት መቶ እርምጃ ለማነጣጠር በተሠራው መነጽር ውስጥ ስመለከት ያየሁት ፀጉር ብቻ ነው። ቡናማ ፀጉር፤ ከዳር እስከ ዳር። የድቡ ትከሻ ይሁን፣ ጀርባው ይሁን፣ ወይስ ከበታቹ ያለው አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረው ባለቤቴ ራስ ይሁን፣ መለየት አልቻልኩም። ጣቴ ቃታው ላይ ነው። መሳብ አቃተኝ። መተውም አቃተኝ። ምን ያህል ቆምኩ? ኤልደን ትንሽ ነው ይላል። እሱ ግን ፊቱ መሬት ላይ ነበር፤ ምን ያውቃል።

የኤልደን ድምፅ ሲጠፋ ሞተ አልኩ። ሞተ ብዬ ካመንኩ በኋላ ነው አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቼ የተኮስኩት።

ድቡ ራሱን አነሣና አየኝ። ከዚያ መጣ። በእጄ ያለው ባዶ ብረት ነው። ተቀመጥኩ፤ ጀግንነት አይደለም፣ ዘዴም አይደለም፣ እንዲሁ ተቀመጥኩ፤ ሱሪዬም ረጠበ። በመጨረሻው ሰዓት ሰው ስለ ልጆቹ ያስባል ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ ያሰብኩት ሽጉጤ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ትንፋሹ ፊቴን አሞቀው። ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ቀጥሎም ሌላ። ሁለት ግልገሎች ነበሩ። እናት ኖራለች። ዞራ ሄደች፤ ሳትቸኩል፤ እኛን ከቁም ነገር ሳትቆጥረን።

«ሄደ?» አለ አንድ ድምፅ ከመሬት።

«ኤልደን? ኤልደን፣ አለህ?»

«አለሁ መሰለኝ። አውቶቡሱ ዛሬ ዘገየብኝ፣ ቨርና።»

ባለቤቴ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ የራስ ቅሉ ቆዳ ተገልብጦ እንኳ ይቀልዳል። እሱ ያንን ቀልድ ማለቱን አያስታውስም። እኔ ግን በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ቅሬታዎቼን እስከ ሰባት ድረስ ልቆጥር ነበር ያሰብኩት፤ ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ይምታታብኛልና ይታገሡኝ። ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ፣ ራሱን በሸሚዜ ጠቅልዬ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ደግፌው ሄድኩ። በየቁጥቋጦው አጠገብ ስናልፍ ድምፄ እስኪዘጋ እጮህ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ዶይል አየንና ኮፍያውን ከራሱ አወረደ። ኤልደንን ተሸክሞ በሩ አጠገብ አቁመነው በገባነው መኪናችን ውስጥ አስተኛው፤ ሄዶ የብረት ሳጥኑን ከፈተና ሽጉጤን ጭኔ ላይ አኖረልኝ።

«ያዢው። ፎርም ምናምን አልፈልግም» አለኝ እንባው እየወረደ። «እኔ ነኝ የነጠቅሁሽ፣ እኔው ልመልስልሽ።»

መሣሪያ ያለ ፎርም በመመለሱ በሳምንቱ ከሥራ እንዳሰናበቱት ሰምቻለሁ። በክልልዎ ውስጥ ሕግ ተጥሶ እንደማይታለፍ ማወቅ እንዴት ያጽናናል!

ለእኔም የደረሰኝ ደብዳቤዎ እጅግ ጨዋ ነበር። «በተፈጠረው ገጠመኝ» ማዘንዎን ገልጸው፣ ከወደቀ እንስሳ በዐሥር እርምጃ ክልል ውስጥ ጠመንጃ አጉርሼ በመተኮሴ የአደን ፈቃዴ ለሦስት ዓመት መታገዱን አስታወቁኝ። ክቡር ሆይ፣ እንደው ትክክሉን ለማወቅ ያህል፣ የተኮስኩት ከዐሥራ አንደኛው እርምጃ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን አልከራከርም፤ በሰዓቱ መቁጠሬን ትቼ ነበር።

አሁን በእውነት አንድ ነገር ልንገርዎ። ሽጉጡ ቢኖር ኖሮ ባለቤቴን አድን ነበር ብዬ አልምልልዎትም። የሚንቀጠቀጥ እጅ በሽጉጥም ይስታል። ኤልደን ራሱ «እንኳን አልተኮስሽ፣ ብትተኩሺ ኖሮ የምትገዪው እኔን ነበር» ይለኛል፤ እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ፣ አላውቅም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ጠመንጃዬ ከድቧ ኋላ ነበር፣ ርጭቴ ከድቧ ኋላ ነበር፣ ዳሌዬ ግን እዚያው ከእኔ ጋር ነበረ፤ ባዶውን። ከባለቤቴ አንድ ክንድ ርቄ ቆሜ ሳለ፣ ሞክሬ ልስት እንኳ የምችልበት ነገር አልነበረኝም። ያቺን ዕድል ነው እርስዎ በሳጥን የቆለፉት።

ኤልደን ግራ ጆሮውን አጥቷል፤ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች አይታዘዙለትም። እንቅልፍ ግን ይተኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ተራራው እመለሳለሁ ብሎም ቦት ጫማውን ሰም ይቀባል። እኔ ነኝ ያልዳንኩት። አውቶቡሴ የሚያድርበት ግቢ ከጀርባው ዛፍ ስላለው መንዳት አቁሜያለሁ። የታጠበ ልብስ ለማስጣት ከቤት ስወጣ አንድ እጄ ከበሩ እጀታ አይለቅም። የጎረቤት ውሻ አጠገቤ ሲያለከልክ ያለሁበት ቦታ ቁጭ እላለሁ። ድቧን አልጠላትም፤ ልጆቿን ይዛ ሽታ ተከትላ መጣች፤ የማንንም መመሪያ አላነበበችም።

ከእርስዎ ይቅርታም ካሳም አልጠይቅም። በመጪው መጸው ሌላ ሴት በዚያ በር ስታልፍ ቀበቶዋን እንዲተዉላት ብቻ እለምናለሁ። ዶይልንም ወደ ሥራው ይመልሱት፤ በዚያች ቀን በግቢዎ ውስጥ በራሱ አእምሮ የሠራ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ጊዜዎን ተሻምቼ ስላደከምኩዎ ደጋግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ የጸና፣ የቢሮዎ በር የጠበቀ፣ መስኮትዎም ከፍ ያለ እንዲሆን ዘወትር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣

ታዛዥዎና አመስጋኝዎ
ቨርና ስቶልቴ
ኮተንዉድ

ማስታወሻ፦ ከእገዳው ደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ የላኩልን የጎብኚዎች እርካታ መጠይቅ ደርሶናል፤ ሞልተን ከዚህ ጋር መልሰናል። «በቆይታዎ የዱር እንስሳትን በቅርበት የማየት ዕድል አግኝተዋል?» ለሚለው ጥያቄ ኤልደን «እጅግ በጣም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። መስመሩ ከሳጥኑ ስለወጣ ይቅርታ ያድርጉለት፤ በግራ እጁ መጻፍ ገና እየተማረ ነው።