ግዝት ያለበት ኑዛዜ

ኅዳር 4፣ ከሰዓት

መብራት የለም። ችሎቱን በመስኮት ብርሃን አስቻልኩ። ሦስቱን መዝገብ በቀጠሮ ገፋሁ። አንዱ ግን አልገፋ አለኝ።

ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። አቶ ደሳለኝ ያለ ልጅ አረፉ። ጎረቤታቸው ወ/ሮ የሻረግ ናት ያስታመመቻቸው። ዘመድ አይደለችም። አጠበች፣ አጎረሰች፣ ኋላም ቀበረች። እሳቸው ደግሞ ከገበያው በታች ያለውን ቤታቸውን ተናዘዙላት። አሁን የምትኖረው እዚያው ነው፣ ሌላ መግቢያ የላትም። የወንድማቸው ልጅ ሞላ ከወገል ጤና መጥቶ ኑዛዜው ይፍረስልኝ ይላል።

ኑዛዜውን የጻፉት መሪጌታ ጽጌ ናቸው። የቅዱሳኑ ስም በቀይ ቀለም። አራት ምስክር ፈርሞበታል። መጨረሻው ላይ ረጅም ግዝት አለ፤ ይህን ቃል ያፈረሰ፣ ያስፈረሰ፣ ሲፈርስ አይቶ ዝም ያለ የተወገዘ ይሁን ይላል። ከፍ አድርጌ አነበብኩት።  

አንድ መስመር ይጎድለዋል። ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነበበ የሚል።

ኅዳር 5፣ ማታ

ምስክር ስሰማ ዋልኩ። ወገቤ አለቀ። አራቱም ተነቧል አሉ። አንደኛው ሲነበብ ማን እንዳሳለ ሳይቀር ያስታውሳል። ሞላን ራሱን ጠየቅኩት። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ አለ። መዋሸት የማይችል ሰው ነው፣ ቢችል በቀለለኝ።

ጠበቃው ተነሣ። መነበቡን አልካድንም፣ አልተጻፈም ነው ያልነው አለ። የሰበር ሰሚ ችሎቱን ውሳኔ ገልጦ አቀረበልኝ። ባያቀርበውም በቃሌ አውቀዋለሁ። መነበቡ እላዩ ላይ ካልሰፈረ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። የሰው ምስክር አያድነውም።

መሪጌታን ለምን ሳይጽፉት ቀሩ አልኳቸው። ግራ ገባቸው። አራት ክርስቲያን በጆሮው እየሰማ ሰምቷል ብሎ መጻፍ ሰውን መጠርጠር አይሆንም ወይ ብለው መልሰው እኔን ጠየቁኝ። ማሰሪያው ግዝቱ ነው፣ እሱን አጥብቄዋለሁ አሉ። ቃላቸውን መዘገብኩ። 

ለውሳኔ ኅዳር 16 ቀጠርኩ።

ኅዳር 8፣ እሁድ

ዕረፍት ይሉታል። ስለ ጠ/ፍ/ቤት ታሪክ ለተማሪዎች ንግግር አድርግ ተብዬ እሱን ስሞነጫጭር ዋልኩ።

ንጉሡ ራሳቸው የሚያስችሉበትን ዙፋን ችሎት ጻፍኩ። አፈ ንጉሡን ጻፍኩ። ቅድመ አያቴ በወሰን ተጣልቶ ከባላጋራው ጋር ኩታ ለኩታ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ከላስታ ሸዋ ድረስ በእግር መውረዳቸውን ጻፍኩ። አንዱ ሲታመም ሌላው ያስታምመው ነበር አሉ፤ ምን ያድርግ፣ ታስሯል። ንጉሡ ሕጉ ሲጠብባቸው በርኅራኄ ያሰፉታል። ደስ ሲላቸው ደግሞ ያጠቡታል፣ ማን ጠያቂ አላቸው። ኋላ ዙፋኑም ሄደ፣ ችሎቱም ሄደ።

ከዚያ ሰበርን ጻፍኩ። ሰበር ለሕጉ የሰጠው ትርጉም ከላይ እስከ ታች ዳኛን ሁሉ ያስገድዳል። ሕጉ ሲወጣ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት አንዱ ነገር ወልድያ ሌላ፣ ደሴ ሌላ ይፈረድ ነበር። የውሸት ኑዛዜም በዓይኔ አይቻለሁ። ሬሳ ራስጌ ተቀምጠው የሟችን ጣት ኑዛዜ ላይ ያሳተሙ ሰዎች ዳኝቻለሁ። ሰበር ያቺን መስመር አጥብቆ የያዘው ለእነዚያ ነው። እውነቱን ነው። ለየሻረግ ግን አይደለም።

ደከመኝ። ንግግሩን አልጨረስኩም።

ኅዳር 9፣ ማታ

ባለቤቴ ብርቄ ሰምታለች። እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ይደበቃል። እንዲህ ፊቷ ተለውጦ አይቻት አላውቅም። ተነሥ ከመዝገቡ አለችኝ፣ ልጆች አሉን፣ ግዝት በዘር ይወርዳል አለችኝ። ዳኛ የሚነሣበት ምክንያት በሕግ ተዘርዝሯል፣ ፍርሃት እዚያ ውስጥ የለም አልኳት። ሳህኑን አንሥታ ወጣች። እንጀራውን እንዳልነካሁት ያየሁት ከወጣች በኋላ ነው።

እኔስ አልፈራሁም? ፈርቻለሁ እንጂ። የዲያቆን ልጅ ነኝ።

ኅዳር 10፣ ጠዋት

ዳኛ ሰይድ ቢሮዬ ገባ። የመርሳ ልጅ፣ ቀልደኛ። መዝገቡን ወዲህ በለው፣ የእናንተ ግዝት እኔን አይዘኝም አለኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ሰንብቻለሁ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ከልቡ እንደሆነ ገባኝ። ሊያሳርፈኝ ነው። ፕሬዚዳንቱን ላናግርልህ አለ። እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቤተሰቦችህስ ምን ይሉሃል አልኩት። እውነቱን ነገረኝ። አያቱ የሟች አደራ የሚያፈርስ ሰው ቤት ውሃ አትጠጣም፤ አደራ እስላም ክርስቲያን አያውቅም ትላለች። ታዲያ ምን ልትሆን መጣህ አልኩት። አንተማ እንቅልፍ አጥተሃል አለኝ።

አልሰጠሁትም።

ኅዳር 13፣ ከሰዓት

ፍርዱን እየጻፍኩ ነው። ሦስቴ ቀደድኩ። አዲስ አበባ ያሉት የሰበር ዳኞች የሻረግን አያውቋትም፣ ሞላንም በሩ ላይ አላዩትም። እኔ አይቻለሁ። አይቼም እንዳላየ እፈርማለሁ። ብናደድ ማን ላይ ልናደድ።

ሰበር የራሱን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል፤ ሰባት ዳኞች ተሰይመው። ጉዳዩ ግን እዚያ መድረስ አለበት። እንዲደርስ ደግሞ መጀመሪያ እሷ እዚህ መሸነፍ አለባት። በእኔ እጅ።

ስለዚህ ሁሉንም እጽፈዋለሁ። መነበቡን፣ የአራቱን ቃል፣ ሞላ ሰምቻለሁ ብሎ ማመኑን፣ መሪጌታ ያሉትን ሳይቀር። የታሰርኩበትን ትርጉምም እጽፋለሁ። ይህ ትርጉም በሰባት ዳኞች እንደገና ቢታይ መልካም ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። የወረዳ ዳኛ እንዲህ አይጽፍም። ሰርዤው ነበር፣ መልሼ ጻፍኩት።

ኅዳር 16፣ ማታ

ፈረድኩ። ኑዛዜው ፈርሷል፣ ቤቱ ለሞላ ይገባል ብዬ አንብቤ ፈረምኩ። አንዴም ሳልደናቀፍ አነበብኩት፣ እሱ ነው ያሳፈረኝ። ሞላ መሬት መሬት ያይ ነበር። መሪጌታ ከመቀመጫቸው መነሣት አቅቷቸው ሰው ደገፋቸው።

ስወጣ የሻረግ ከደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ልታለቅስብኝ ነው ብዬ ነበር። ያነበብኩት ውስጥ ያሉት ሰባት ዳኞች የት እንደሚቀመጡ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ወልድያ ይግባኝ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሩቅ ነው አለች። ሩቅ ነው አልኳት። እነሱም ግዝቱን ያነቡታል ወይ አለች። ያነቡታል አልኳት። በእኔ ምክንያት፣ ለእነሱም አዘንኩ አለች።

ሄደች ስል ተመለሰች። ብርቄ ቤተ ክርስቲያን አግኝታት እህል እንዳስጠላኝ ነግራታለች።

«ደሳለኝን ሳገላብጠው የኖርኩ እኔ ነኝ፣ ሆዱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «የረገመው ቀማኛን ነው እንጂ የታዘዘን አይደለም። ይብሉ፣ ጌታዬ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገበያው ወረደች፣ ወደዚያው ቤት። ዕቃዋን የምታወጣበትን ቀን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ።

ብርቄ እየጠራችኝ ነው። ቀርቧል። እበላለሁ።