ቢጫዋ መብራትና የሐያት አባት

ሰኞ

እንደገና በራች። ያቺ የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት። ጠዋት ፎቶ ቤቴን ልከፍት ስወጣ የመኪናዬን ሞተር አስነሳሁ፤ ሌሎቹ መብራቶች ጠፉ፣ እሷ ፍንክች አላለችም። ባለፈው ሳምንት መካኒኩ ደግፌ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ መልሶ ሲያስረው ጠፍታ ነበር። ተገላገልኩ ብዬ ነበር እኮ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድም አይሰጠኝ። ጉዱ እሁድ ነው። እሁድ አጎቴ ከድር፣ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴና የመስጊዳችን ሼህ ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ ሄደው ሐያትን ከአባቷ ሊጠይቁልኝ ነው። በማን መኪና? በኔ። ሹፌሩስ? እኔው። ሽማግሌ ላኪው ራሱ ሽማግሌዎቹን ሲያጓጉዝ የት ታይቷል? አጎቴ ግን "የራሳችን መኪና እያለ ሰው አንለምንም። አንተ ራቅ ብለህ ታቆማለህ፣ እኛ በእግራችን እንገባለን" ብሎ ዘግቶታል። አባቴ ካረፈ ወዲህ የአጎቴ ቃል አይታጠፍም።

መንገዱ ላይ የዘቢዳር ዳገት አለ፤ መብራቷ እንደበራች ትወጣው ይሆን? ምሳም አልበላሁ።

ማክሰኞ

ደግፌ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አየና ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ እውነቱን ነው።

ከሁለት ወር በፊት ማርሚታዋን፣ የጭስ መውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ያስቀየርኳት እንድትጮህ ብዬ ነው። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። በየሳምንቱ አጃቢ መኪኖች እያጓሩ ሲያልፉ እኔ ካሜራ ተሸክሜ ዳር እቆማለሁ፤ ቀናሁ በቃ። ደግሞ የሐያት ስልክ አብዛኛውን ጊዜ እናቷ ጋ ነው የሚውለው። ወልቂጤ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር መኪናዋ በደጃቸው ካጓራች ሐያት መምጣቴን ታውቃለች፤ "ሱቅ ደርሼ ልምጣ" ብላ ትወጣለች። ጥግ ላይ ቆመን ትንሽ እናወራለን። ምን የመሰለ ዘዴ ነበር!

የቀየረልኝ በያጅ ግን ማርሚታዋን ብቻ አልነካም። ከፊቷ ያለችውን የጭስ ማጣሪያ ቆርጦ ጣለና ባዶ ቱቦ በየደበት። "ድምፁን የምታፍነው እሷ ናት" ሲለኝ እኔው ነኝ ቁረጣት ያልኩት። ጭሱን የምትለካው ሴንሰር አሁን ከሥር በሽቦ ታስራ ተንጠልጥላለች፤ መብራቷን የምታበራውም እሷ ናት። ደግፌ "አፍንጫዋን ነቅለህ ምን ሸተተሽ ትላታለህ?" አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አምፖሏን ላውጣልህና እፎይ በል" አለ። እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ረቡዕ

በያጁ ጋ ሄድኩ። የተቆረጠችው ማጣሪያ የት አለች? ራሱን አከከ። "ለቆራሌው ሰጥቼዋለሁ" አለ። የኔን ዕቃ! ልጮህበት ነበር፤ ግን ስትቆረጥ "ወዲያ ጣላት" ያልኩት ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ቆራሌው እንሴኖ ገበያ ወርዷል አሉኝ። መብራቷ እንደበራች ተከትዬው ወረድኩ። ጤፍ ከጫኑ ጋሪዎች ጋር እየተጋፋሁ፣ ሰው ሁሉ ለጩኸቱ ዞር ብሎ እያየኝ። ሰውየውን አገኘሁት፣ ማጣሪያዋንም ከተቀዳደደ ድስትና ከአሮጌ ባልዲ መሀል አገኘኋት። አልሐምዱሊላህ ልል ስል ገለበጥኳት። በመዶሻ ፈልጠው ውስጧን አራግፈውታል። ባዶ ቆርቆሮ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ቢያንስ መንገድ ላይ አልቆመችም። ዛሬ ድል ካልኩት ይሄንኑ ነው።

ሐሙስ

ሐያት ሚስድ ኮል አደረገች። መልሼ ስደውል በሹክሹክታ ነው የምታወራው። አባቷ ሐጂ ሲራጅ ትናንት ከጨርቅ ሱቃቸው ገብተው እራት ላይ ምን ይላሉ? "የዚያን የሚያጓራ መኪና ባለቤት አንድ ቀን አቁሜ ቀበሌ እወስደዋለሁ።"

"ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?" አልኳት።

"እኔ እንጃ ነስሩ። ሲናገር እኔን አላየኝም። ያ ነው ያስፈራኝ።"

እኔ ሞኙ ለመብራቷ እጨነቃለሁ። መብራቷን የማያት እኔ ነኝ፣ ድምፁን ግን ሐጂ ሲራጅ በጆሯቸው ያውቁታል። የምንደርሰው እያጓራን ከሆነ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነገሩ አለቀ። እኔ ደግሞ ከሐያት ሌላ ማንንም አላገባም። ይሄን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፈዋለሁ?

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አጎቴን አባብዬ በሚኒባስ እንዲሄዱ ልጠይቀው ሞከርኩ። "ሽማግሌ ከዶሮና ከሽንኩርት ጋር ተጨናንቆ ይሂድ ነው የምትለው?" አለኝ። ምክንያቱን ግን ልነግረው አልደፈርኩም። በሰው ደጅ እያጓራሁ የሰው ልጅ አስወጣ ነበር ብዬ? ለአጎቴ?

ቅዳሜ

ደግፌ ከአሮጌ መኪና የወጣች ማርሚታ አገኘልኝ። ድምፁን እንዲውጥ ውስጧን ደግሞ እንደ ድስት መፈተጊያ ባለ የብረት ሱፍ ጠቀጠቀው። አስነሳናት። ፀጥ! ደስ ብሎኝ ደግፌን ጉንጩን ሳምኩት፣ ግራሶው ፊቴን አጠቆረው።

መብራቷ ግን እንደበራች ናት። አምፖሏን አላስወጣሁም። ጥቁር ናስትሮ ቆርጬ ለጠፍኩባት። ማን ያያል?

ስመለስ ትንሽ ከበድ አለችኝ። ነዳጅ ስሰጣት ቶሎ አትነሳም። ደክሞኝ የመሰለኝ ነው ብዬ ተውኩት።

እሁድ

ከየት ልጀምር። ጋሽ ወልዴ ጉልበቱን ስለሚያመው ከፊት ተቀመጠ። የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከተማውን ሳንወጣ "ይሄ ናስትሮ ምን ሸፍኖ ነው?" አለኝ። "ተሰንጥቆ ነው" አልኩ። በጥፍሩ ላጥ አደረገው። ቢጫዋ ቦግ አለች። "አሃ" አለ።

ዘቢዳር ዳገት አጋማሽ ላይ መኪናዋ አቃሰተች፣ አቃሰተችና ቀጥ አለች። ድምፅዋን ስናፍን ለካ ትንፋሿንም አፍነናል። ባዶዋን ከሆነች ብቻ ነው የምትንፏቀቀው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ወረዱና በእግራቸው ዳገቱን ያዙት። ጋሽ ወልዴ ያን ጉልበቱን እየጎተተ። ከጎናቸው በቀስታ እየነዳሁ ሳየው ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። በመስኮት ሁሉንም ነገርኳቸው። ማርሚታውን፣ የእነሐያትን ደጅ፣ የሱቁን ሰበብ።

አጎቴ ቆመ። "አባት ባለበት ቤት ደጅ?" አለ። ከዚያ ጥሎኝ ወደ ፊት ሄደ። እስከ ዳገቱ ጫፍ ዞሮ አላየኝም።

ጫፉ ላይ መልሼ አሳፍሬያቸው ወልቂጤ አርፍደን ገባን። መናኸሪያው አጠገብ አቆምኩ፣ እነሱ አቧራቸውን አራግፈው ሄዱ። ደግፌ ጋ ስደውል "የማርሚታዋን መጋጠሚያ አላላው፣ ትተንፍስ" አለኝ። ከሥር ገብቼ የበዓል ልብሴን አበላሸሁት። የዙህር ሰላት ሰዓት አለፈ። ሻይ አዝዤ ቀዘቀዘ። ቶሎ ከወጡ ተባረዋል፣ ከቆዩ ተጣልተዋል እያልኩ ራሴን ስበላ ቆየሁ።

መጡ። ፊታቸው ምንም አይልም። ገቡ፣ እያጓራን ከተማውን ለቀቅን። ጉብሬን ካለፍን በኋላ ነው አጎቴ የተናገረው።

ቆመው ጉዳያቸውን ሲጀምሩ ሐጂ ሲራጅ "በደህና ነው ያረፈዳችሁት?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልዴ መዋሸት አያውቅበት፣ "በደጅዎ የምታጓራዋ መኪና ዳገት ላይ ጥላን ነው። ባለቤቷ ነው የላከን" አላቸው። አጎቴ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብሎ ተመኘ።

ሐጂ ሲራጅ ግን "መኪናዋን አውቃታለሁ" አሉ። "ባለፈች ቁጥር ልጄ ስኳር ልግዛ ትላለች። ቤቴ ስኳር ሞልቷል። ያናደደኝ ጩኸቱ አይደለም። ይሄ ልጅ የሚልከው ትልቅ ሰው የለውም ወይ እያልኩ ነው የከረምኩት።" ከዚያ ተቀመጡ አሏቸው።

እንባዬ መጣ። መንገዱን እንዳልስት መስኮቱን ከፍቼ ነፋስ አስገባሁ።

እሺ አላሉም። እምቢም አላሉም። "ከዘመድ ልምከርበት፣ ከዒድ በኋላ ተመለሱ" ነው ያሉት። አጎቴ ደህና መልስ ነው ይላል፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ግን ቃል አስገባኝ፦ እስከዚያ በደጃቸው ማለፍ የለም፣ መደወልም የለም፣ ከእንግዲህ ነገሩ በአባቷ በኩል ነው።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጠርቶ ተቋረጠ። ሐያት ናት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። መልሼ አልደወልኩም። ለምን እንደማልደውል እሷ አታውቅም።