የሰማይ መንገድ መጻሕፍት ጠባቂ፦ ካፒቴን ጥዑመ ልሳን ወልደ ሐዋርያት (1946–2018 ዓ.ም.)

ካፒቴን ጥዑመ ልሳን ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ኪዳነ ወልድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ገድሉ፣ ኅዳር 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በጣና ዳር በዘጌ ተወለዱ። አባታቸው ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ያዘጋጃሉ፣ ቀለም ይበጠብጣሉ፣ የገዳማቱን መጻሕፍት ይገለብጣሉ። ልጃቸውም ፊደል በለዩ ማግስት ብርዕ ጨበጡ። የመጀመሪያ ሥራቸው አዲስ መጽሐፍ መጻፍ አልነበረም፤ በእርጅናና በእርጥበት የደበዘዘውን ፊደል በቀለም እየተከተሉ ማደስ ነበር። መሪጌታ የደበዘዘ ፊደል እያዩ ማለፍ ኃጢአት መሆኑን አጥብቀው አስተማሯቸው። ይህ ትምህርት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን እንዳመጣ ወደ ታች ይነገራል።

በ1956 ዓ.ም. ዘመናዊ ትምህርት ለመማር ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው አክስታቸው ቤት ተቀመጡ። በ1962 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ገብተው በመካኒክነት ተመረቁ። መሪጌታ በዚህ አልተደሰቱም፤ ብርዑን የሚረከባቸው ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ካፒቴን ግን ሞተሩን መርጠው ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አንስቶ በሐይቁ ጀልባዎች ላይ በመጀመሪያ በመካኒክነት፣ በኋላም በመሪነት አርባ ዓመት አገለገሉ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ባሕር ዳር፤ ሥራቸው ይኸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እምቦጭ የተባለው አረም ሞተሩን ሲይዘው ሱሪያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ወደ ውሃው ይወርዱ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የመርከብ አመራር እንዲማሩ ወደ ሶቪየት ኅብረቷ ወደብ ወደ ኦዴሳ ተላኩ። እዚያ ካስተማሯቸው አንዱ፣ ቀደም ሲል ለጠፈርተኞች በኮከብ አቅጣጫ መለየትን ያስተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሲሰነባበቱ አንድ ስስ መጽሐፍ ሰጧቸው። መንኮራኩር ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ከዋክብትን እያዩ የት እንዳሉ የሚያሰሉበት የአቅጣጫ መምሪያ ነው፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮችና አጫጭር ማስታወሻዎች ነበሩበት። መምህሩ መጽሐፉ ሰማይ ደርሶ የተመለሰ ነው አሏቸው። የሚያረጋግጥ ወረቀት አልሰጧቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

በ1974 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ከነበሩት ከወይዘሮ አገርነሽ ደሞዝ ጋር ተጋብተው ሀዲስን፣ ሥርጉትንና ፅጌ ማርያምን ወለዱ። ቤታቸውን በባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ሠሩ።

ከኦዴሳው መጽሐፍ በኋላ ሌሎችን መፈለግ ያዙ። ወደ ሞስኮም ወደ አሜሪካም ይጽፋሉ፤ ለአንድ ደብዳቤ መልስ ዓመት ይጠብቃሉ፤ ብዙውን ጊዜም መልስ አይመጣም። ባልደረቦቻቸው ካፒቴን ከጎርጎራ ማለፍ አማራቸው እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ወይዘሮ አገርነሽም ከሰማዩ መንገድ በፊት የሚያፈሰውን ጣሪያ እንዲያዩ ያሳስቧቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዐሥራ አንድ መምሪያዎች ሰበሰቡ። ዐሥሩ፣ ጠፈርተኞች በምድር ላይ የተለማመዱባቸው ወይም ከቤተ መጻሕፍት ተባዝተው የመጡ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጥቁር ቀለም «አልሄደም» ብለው ጻፉ። በኦዴሳው ላይ ብቻ፣ የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት በቀዩ ቀለም «ሄዷል» አሉ። ለእሱም የቆዳ ማኅደር አሰፉለት። ማኅደሩን የሰፋው ሰው የማን ገድል እንደሆነ ቢጠይቃቸው የሁለት መንገደኞች ነው ብለውታል።

ጡረታ በወጡበት በ2006 ዓ.ም. የኦዴሳው መጽሐፍ የእርሳስ ጽሑፍ በእርጥበትና በመገላበጥ ብዛት እየጠፋ መሆኑን አዩ። ዐቢይ ጾምን በሙሉ ተቀምጠው፣ አባታቸው እንዳስተማሯቸው ቀለም በጥብጠው፣ እያንዳንዱን ቁጥርና ፊደል በብርዕ ተከተሉት። አንዲት ሰረዝ አላዛነፉም። በዕድሜያቸው ከሠሩት ሁሉ በዚህ ይኮሩ ነበር።

ልጃቸው ሥርጉት ጀርመን አገር ዐሥራ አንድ ዓመት ተምራ በ2012 ዓ.ም. ተመለሰች። ከተመለሰችም በኋላ ዳግም ልትሄድ ሻንጣዋን ሁለት ጊዜ አዘጋጅታ ሁለት ጊዜ ፈታለች። የማንንም ቃል ያለ ማስረጃ የማትቀበል ናትና መጽሐፉ ይመርመር ያለችው እሷ ነች። ካፒቴንም ከመሞታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይፈልጉ ነበር፤ መጽሐፉ በእርግጥ ሄዷል ወይ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጽሐፉ ፎቶግራፍ በውጭ አገር ወዳለ አንድ ባለሙያ ተላከ። ወዲያው በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። መልሱ የደረሰው ከዓመት በኋላ ነበር፤ ሥርጉትም ደበቀችው። አባቷ በጠየቋት ቁጥር ገና ነው ትላለች። እሳቸው ለአርባ ዓመት ደብዳቤ መጠበቅ የለመዱ ሰው ስለነበሩ እሺ ይላሉ።

በ2017 ዓ.ም. የልብ ድካም ያዛቸው። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ቢታከሙም ሊሻላቸው አልቻለም። በነሐሴ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ጠርተው፦

«ሥርጉት፣ መልሱ ከመጣ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አይተሽ አታውቂም። አንብቢልኝ» አሏት።

አነበበችላቸው። ባለሙያው የእርሳሱን ጽሑፍ መርምሮ የማን እጅ እንደሆነ መለየት ይቻል እንደነበር፣ አሁን ግን በላዩ ቀለም ስለተኬደበት መጽሐፉ ሄዷልም አልሄደምም ለማለት እንደማይቻል ጽፎ ነበር።

«አደስሁት እል ነበር፤ ለካ ሸፍኜው ኖሯል» አሉ ካፒቴን። «በእርሳስ የጻፈውንም ሰው እኮ አላስፈቀድሁትም።»

ሥርጉት ሳይናገሩ ቢተዉት ማንም እንደማያውቅ ልትነግራቸው ሞከረች። እሳቸው ግን ብርዕና ቀለም እንድታመጣላቸው አዘዟት። ልጻፍልዎት ብትልም እንቢ አሉ። ጥቂት ጥቂት ቃል እየጻፉ፣ እያረፉ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ ስሙን አስፍሮ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ እንደሚለምነው ሁሉ፣ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ በጥቁር ቀለም እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«የእርሳሱን ጽሑፍ እንዳይጠፋ ብዬ በቀለም የሸፈንሁት እኔ ጥዑመ ልሳን ነኝ። መጽሐፉ ሰማይ ደርሶ መመለሱን ከመምህሬ ሰማሁ እንጂ አላየሁም። በማላውቀው ነገር በቀይ ጽፌአለሁና ይቅር በሉኝ። እውነቱን ያገኘ ከዚህ በታች ይጻፍ።»

ከዚያ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ተዉ።

ካፒቴን ጥዑመ ልሳን ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ዛሬ በአርባ ዓመቱ መንገዳቸው በጀልባ ተሻግረው በዘጌ ከአባታቸው አጠገብ ይቀበራሉ። ከባለቤታቸው ጋር አርባ ሦስት ዓመት ኖረው ሦስት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል። መጽሐፉ ሹም አቦ ቤታቸው ውስጥ በማኅደሩ ተሰቅሏል። ማየት የፈለገ እጁን ታጥቦ ይግባ። ግማሹ ገጽ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ ልጃቸውም የማታውቀውን አልጻፈችበትም።

በማያውቁት ላይ ስለጻፉት ይቅርታ የጠየቁትን እኚህን ሰው፣ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ይቅር ብሎ ይቀበላቸው፤ የደከመች ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ጋር ያሳርፍልን። አሜን።