ከባዱ ኳስ አጥር ተሻገረ

ዱንያ፣

ውሃ ጠፍቷል፤ ባልዲው ውስጥ ያለችውን ቆጥቢያት። ወልቂጤ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። አትደውዪልኝ።

ጫማ ሰፊው የብረት ብናኝ ሞልቶ የሰፋልንን በዱላ የሚመቱ የሶፍትቦል ኳሶች እንዳትነኪ። ክንዳችንን እንዲያጠነክሩልን ብለን ነበር ያሠራናቸው፤ ግን ሲታዩ ከቀላሎቹ አይለዩም። ስንቴ ነገርኩሽ? ከባዱ የሚመታው ወደ ጭድ ጆንያው ብቻ ነው። አንቺ ገመዱን ለልብስ ማስጫ ፈልገሽ ጆንያውን አወረድሽው።

እሺ፣ የመታሁት እኔ ነኝ።
ትናንት ከሰዓት ያለ ጆንያ ስለማመድ አንዱ የቆርቆሮ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤታችን ጋሼ ሙሉብርሃን ግቢ ገባ።

ሁሌ እዚያ አጥር ሥር ወንበር አውጥተው ፀሐይ እንደሚሞቁ ታውቂያለሽ። ኳስ ሲገባባቸው ተሳድበው መልሰው ይወረውሩልናል። ቀላሉን ለምደውታል፤ ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

ትናንት አልተሳደቡም።
ኳሱም አልተመለሰም።
ሬዲዮናቸው ግን እስካሁን እየጮኸ ነው።

ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጫማሽን ሳታወልቂ ሂጂና አንኳኪ። እኔ ሁለቴ በራቸው ድረስ ሄጄ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ሀፍሷ