አባቴ ዘንድ ውሰዱኝ

መስከረም 28

ልብስ አጠብኩ። ፀሐዩ ጥሩ ነበር፣ እስከ ቀትር ደረቀ። ባለቤቴ ላምቤቦ ጉልበቱን አሞት ከቤት አልወጣም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የእሁዱን ስብከት ሲያዘጋጅ ዋለ። ሲጽፍ አፉ ይንቀሳቀሳል። አስተማሪ እያለም እንደዚያው ነበር፣ ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር።

ከሆሳዕና ቢቸና ከመጣን ዛሬ ዓመት ሆነን። ቤተ ክርስቲያናችን «ሁለት ዓመት አገልግላችሁ ትመለሳላችሁ» ብሎ ነው የላከን። ግማሹ አለቀ ማለት ነው። የልጅ ልጆቼን ፊት በስልክ ነው የማየው፣ እሱም ኔትወርክ ሲኖር…

የቤቱ ባለቤት ፀሐይነሽ በአጥሩ በኩል «እትዬ ዘነቡ፣ ጎመን ልቁረጥልዎ?» አለችኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታዬን እንኳ አትመልስም ነበር። «ጴንጤ አከራየሁ» ብላ ለጎረቤት ስታማርር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ጎመን ትሰጠኛለች። እሱም አንድ ነገር ነው።

ጥቅምት 6

ሞጣ ደርሰን ተመለስን። በወር ሁለቴ እንሄዳለን። ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ጭኖ እግሬ ደንዝዞ ወረድኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው። ጫፍ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

የሞጣዎቹ አማኞቻችን ጥቂት ናቸው። አስተማሪ፣ ነርስ፣ የግብርና ሰው… ሁሉም ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ። የዚህ አገር ተወላጅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለን። እሱም ቢቸና ነው የሚኖረው። ስጦታው።

«ና አብረን እንሂድ» አልነው። «እኔ ሞጣ ምን አለኝ?» አለ። ምን አለኝ ይላል… እናቱ እዚያ ናት። ወደ እኛ እምነት መጣ ሲባል «ልጄን ቀብሬዋለሁ» ብላ ለቅሶ ተቀመጠች አሉ። ሦስት ዓመት ሆነው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፣ እሱ ልጅ ሳለ ነው የሞቱት። ቢቸና መጥቶ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ። እሁድ የምንቀመጥባቸው አግዳሚዎች ሁሉ የእሱ እጅ ናቸው። ብቻውን ስለሆነ ምሳውን እኛ ቤት ይበላል።

ፊቱ አባብጧል። «ዓይንህ ሥር ምን ሆነ?» ስለው «እንቅልፍ ነው እማማ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ የነበርኩትን ሴት በእንቅልፍ ያታልላል!

ጥቅምት 14

ሆስፒታል አስተኛነው። ኩላሊቱ ነው። ሁለቱም።

ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ግን ደግ። ወደ ጎን ጠርቶ ነገረኝ። ደም የሚያጥበው ማሽን ባሕር ዳር ነው። ከሞጣ ወዲያ ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ተዘግቷል። «መቼ ይከፈታል?» አልኩት። ማን ያውቃል? ሰዉ ሁሉ ዝናብ እንደሚጠብቅ ነው የሚጠብቀው።

ላምቤቦ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ጸለየ፣ ጉልበቱን ረስቶት። መነሳት አቃተው። እኔ በአንድ በኩል፣ ስጦታው ካልጋው ላይ እጁን ዘርግቶ በሌላ በኩል… አነሳነው። «በሽተኛ ጠያቂውን ሲያነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ ስጦታው ሳቀ። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

ጥቅምት 22

መንገዱ አልተከፈተም።

ጥቅምት 28

ወንድሙ ደምለው ከሞጣ መጣ። ከበሩ አላለፈም። ብርቱካን በፌስታል ይዞ መሬት ላይ አኖረው። «እናቴ ልካኝ አይደለም» አለ። ማን ጠየቀው?

ከዚያ የስጦታውን እግር አየ። ያበጠውን። ዓይኑ ሞላ።

«አባትህን ልጥራልህ?» አለው። ንስሐ አባታቸውን ማለቱ ነው። እዚህ አገር «አባቴ» ካሉ ብዙ ጊዜ ቄሱ ናቸው። ስጦታው ዓይኑን ጨፈነ። እሺም እንቢም አላለም። ደክሞት ይሆን?

ደምለው ትንሽ ቆሞ ሄደ። ስጦታው ብርቱካኑን አልበላም። አጠገቡ እንዳደርግለት ብቻ ለመነኝ። ሲያሸተው ዋለ።

ኅዳር 2

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነበርኩ ከሱ ጋር። ላምቤቦ እንደገና ባሕር ዳር የሚያደርስ መኪና ፍለጋ ወጥቷል። በየቢሮው ሲለምን ጫማው አለቀ። የስጦታውን እግር በሞቀ ውሃ አጥቤ ቅባት ስቀባው ነቃ።

«እማማ።»

«አቤት ልጄ።»

«አባቴ ዘንድ ውሰዱኝ።»

ጠጋ አልኩ። «ምን አልክ?»

«አባቴ ዘንድ… እናቴ መጥታ የምታለቅስበት።»

ጌታንስ እንደያዝክ ነህ? ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠየቅኩም። ሰው እንዲህ ሆኖ ሳለ ፈተና ይፈተናል? እጁን ያዝኩት። ተመልሶ አሸለበ።

ላምቤቦ ሲመጣ ድካሙን አይቼ እራቱን አቀረብኩለት። ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 3

ስጦታው ጠዋት አረፈ።

ላምቤቦ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያው ተነስቶ ሥራ ጀመረ። አምና ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ የመቃብር ቦታ ሰጥቶን ነበር፣ ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ጋ። እስካሁን ማንም አልተቀበረበትም። ባንክ ቤት የሚሠራው ገመቹ ወጣቶቹን ይዞ ሊቆፍር ሄደ። «የመጀመሪያው ዘራችን ነው» አለ ላምቤቦ።

ያኔ ነገርኩት። ስጦታው ያለውን ቃል በቃል። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሲቃዥ ነው።»

«አልቃዠም።»

«ዘነቡ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሪ።»

እኩለ ቀን ላይ ደምለው ፒካፕ ይዞ ደረሰ። አብረውት የእናቲቱ ንስሐ አባት ቄስ ኃይለ ሚካኤል። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ ነፋስ የሚጥላቸው የሚመስሉ። ቅኔ ያስተምራሉ አሉ። ወንበር አወጣሁላቸው፣ አልተቀመጡም። ጉድጓድ እየተቆፈረ እንደሆነ መንገድ ላይ ሰምተዋል።

ላምቤቦ «በእምነታችን የሞተ ወንድማችን ነው። እኛው እንቀብረዋለን» አለ።

«የእናቴ ልጅ ነው!» ደምለው ዱላውን ጨበጠ። ቄሱ በእጃቸው ብቻ መለሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ ነዎት ያስታመሙት አሉኝ።»

«አዎ አባ።»

«ሥርዓታችን አይጠፋዎትም። ሳይመለስ የሞተ ከቅጥራችን አይገባም። እኔ እሺ ብል ደብሩ እሺ አይለኝም። መጨረሻ ላይ ያለው ነገር አለ?»

ላምቤቦ አየኝ። ደምለው አየኝ። ቄስ ጠይቋል ብል ውሸት ነው። ምንም አላለም ብልም ውሸት ነው።

«ቄስ ጥሩልኝ አላለም» አልኩ። «ያለው ይህን ነው። ‹አባቴ ዘንድ ውሰዱኝ፣ እናቴ መጥታ የምታለቅስበት።›»

ቄሱ ቃሉን እንደሚያላምጡ ሁሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«አባቴ ዘንድ አለ?»

«አዎ።»

«ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ሰው አባቴ ሲል የነፍስ አባቱን ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ፣ ግን ቶሎ አቃኑት። «ይበቃኛል። የቀረውን ለሚያውቀው ትቻለሁ።»

«የወለዱትን አባቱን ማለቱ ነው እንጂ!» አለ ላምቤቦ። «ወይ የሰማዩን!»

ቄሱ ዘወር ብለው አዩት። በቁጣ አልነበረም።

«ወንድሜ፣ እኔስ አይደለም አልሁ? ሰምም አለው ወርቅም አለው። እኔ የሚያስቀብረውን ያዝሁ።»

ወሰዱት። ገመቹና ወጣቶቹ አፈር በአፈር ሆነው ሲመለሱ ፒካፑ ሄዷል።

ኅዳር 4

ሞጣ ብቻዬን ሄድኩ። ላምቤቦ አልመጣም። «ሂጂ» እንኳ አላለኝም።

ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩ። ግቢ ያለኝ የለም፣ ሂጂ ያለኝም የለም። ፍትሐቱ ይሰማል። ግእዙን አላውቅም። ስሙን ሲጠሩ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። የሚጠሩት ለካ የክርስትና ስሙን ነው። ዓመት ሙሉ ከእጄ በልቶ የክርስትና ስሙን አላውቅም።

እናቲቱን አየኋት። ወይዘሮ ውበቴ። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ደረቷን ትመታለች፣ ድምፅ የላትም። በአጠገቤ አለፈች፣ አላየችኝም።

ግን አለቀሰች። መጥታ አለቀሰች። እሱ የፈለገው ይህን አይደል?

ኅዳር 10

ላምቤቦ አያናግረኝም። «ውሃ»፣ «በሩን ዝጊ»… ይኸው ነው። በትዳራችን እንዲህ ሆነን አናውቅም።

እሁድ ገመቹ ከስብከቱ በኋላ ተነስቶ «ወንድማችንን በአንድ ቃል አስረከብናቸው» አለ። ስሜን አልጠራም። ሁሉም የተቀመጡበትን አግዳሚ ነበር የሚያዩት። ሁለት ቤተሰብ ጭራሽ አልመጡም።

ቤት ስንደርስ ላምቤቦ ቆቡን አውልቆ፣ «ማስተባበል ትችይ ነበር» አለ። «ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቂ ነበር።»

«አላውቅም ነበር። አንተስ ታውቃለህ?»

ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይነሽ እንጀራና ወጥ ይዛ መጣች። «እግዜር ያጥናዎ እትዬ። ለቅሶ ላይ ሆነው ምን ያበስላሉ ብዬ ነው።» ልጅ የሞተበት ቤት አድርጋ ቆጠረችን። ከሷ በቀር እዚህ ከተማ ያጥናችሁ ያለን ሰው አለ? እሷ ስትወጣ ነው ያለቀስኩት።

ኅዳር 24

ከሆሳዕና ደወሉ። ነገሩን ሰምተዋል። «ደክሟችሁ ከሆነ ጊዜው ሳይሞላም መመለስ ትችላላችሁ» አሉ። ደግነት ነው? ወቀሳ ነው? ላምቤቦ «እናስብበት» ብሎ ዘጋው።

በክረምት ቢሉኝ ኖሮ በማግስቱ ሻንጣዬን አስሬ እጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን ደስ አላለኝም። ለምን? ከዚህ ተሸንፈን እንደወጣን እንዳይሆን ፈርቼ? ወይስ ያ ልጅ እዚህ ስላለ?

ታኅሣሥ 9

ደምለው ደወለ። «እናቴ አርባውን ልታወጣ ነው። ያስታመሙትን ጥራልኝ ብላለች። ሁለታችሁንም።» ድምፁ ሻካራ ነው፣ ግን «ሁለታችሁንም» የሚለውን ደገመው።

ላምቤቦ «ለሙታን ተዝካር አልቀመጥም» አለ።

አልተከራከርኩም። ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ።

ታኅሣሥ 12

ጠዋት ስነሳ ላምቤቦ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቷል።

«ለእናቲቱ ብዬ ነው» አለ። ሚኒባስ ተሳፈርን። ጤፉ ታጭዷል፣ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፣ በየቦታው ክምር።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ስንገባ ሰዉ ዞር ዞር አለ። አንድ ሰውዬ ከጎናችን ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። ላምቤቦ አንገቱን ደፋ። እንውጣ ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ደምለው መጥቶ እጁን ያዘው። አዎ፣ እጁን። ወደ ቤት አስገብቶ እናቱ አጠገብ አስቀመጠን።

ወይዘሮ ውበቴ ቀረብ ብዬ ሳያት ትንሽ ሴት ናት። ጥቁር በጥቁር፣ ፀጉሯን ተላጭታ። እጄን ይዛ መዳፌን ዳበሰች።

«እናንተ ቤት ይበላ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ ምሳውን።»

«ምን ይበላ ነበር?»

ነገርኳት። ሽሮ ይወዳል፣ ከቃሪያ ጋር። የአገሬን ቆጮ አምጥቼለት መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፣ ኋላ ለመደው። «ቆጮ ምንድር ነው?» አለች። ከእንሰት የሚጋገር እንደሆነ አስረዳኋት። አንዲት ቃልም እንዳታመልጣት ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችኝ።

«ይጾምስ ነበር?» ድምፅዋ ቀጠነ። «እነሱ አይጾሙም ይላሉ ሰዎቹ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳይጾም ነው ልጄ የሄደብኝ?»

ምን ልበላት? አፌን ሳልከፍት ላምቤቦ መለሰ።

«ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይነካም ነበር። ወተትም፣ እንቁላልም። እንዲያውም እኔ ተቆጥቼዋለሁ፣ ከዚህ ነገር ነፃ ወጥተህ የለም ወይ ብዬ። ‹አባባ፣ ለመጽደቅ አይደለም› አለኝ። ‹እናቴ አሁን ጦሟን ናት። ብቻዋን አትራብ ብዬ ነው።›»

ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ሽሮ ስለሚወድ መስሎኝ ነበር።

ውበቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ማንም አላባበላትም፣ ተዋት። ሲቀልላት ዓይኗን ጠርጋ መሶቡን ወደ ራሷ ሳበች። እንጀራውን ጠቀለለች፣ ምስሩን ጨመረችበት። ጉርሻውን ወደ ላምቤቦ ዘረጋች።

«የልጄ ነው» አለች። «እንቢ አይበሉኝ።»

ወጡ በጣቷ ላይ ይወርዳል። ድንኳኑ ውስጥ ጸሎቱ ተጀምሯል፣ ድምፁ እስከ እኛ ይመጣል። ላምቤቦ እጇን አየ። አፉን ከፈተ።

ረጅም ጊዜ አላመጠ። እንባው ጢሙ በነበረበት ላይ ወረደ፣ አልጠረገውም።

ልንወጣ ስንል በሩ ድረስ ሸኘችን። «ደምለው እርሻው ላይ ነው የሚውል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ሞጣ ስትመጡ ሳታዩኝ አትለፉ።»

«ሁሌም እንገባለን እትዬ ውበቴ» አለ ላምቤቦ። «ከዚህ የትም አንሄድም።»

ሳያማክረኝ ነው። ደግ አደረገ።