ከወንድሜ ስም አጠገብ የለጠፉት ቁጥር

ለተከበሩ አቶ ክብሮም
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር
ሼፈርድስ ቡሽ፣ ለንደን

ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ሁለቱም ከእኛ ቤት ስለጠፉ ለእርስዎ እጥፍ ሆነው እንዲደርሱዎ እመኛለሁ። ታላቅ ወንድሜ ተክለአብ ካረፈ ጀምሮ የቀብር መዋጮ ለማሰባሰብ ስላሳዩት ትጋት ላመሰግንዎ ነው የምጽፈው።

፩. ተክለአብ ዓመታዊ ክፍያውን በክሪፕቶ፣ በዚያ በኢንተርኔት ገንዘብ፣ ይከፍል ስለነበር የዋሌቱ፣ ማለትም የዲጂታል ቦርሳው፣ ቁጥር በእጅዎ ነበር። ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ በውስጡ ያለውን ማየት ይችላል፤ ባለቤቱን ከሌባ ዓይን የሚሰውረው ስሙ አለመታወቁ ብቻ ነው። ይህን ራሱ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ቆሞ ሲያስረዳ እርስዎ አጨብጭበውለታል። ሲሞት ግን መዋጮው እንዲገባበት ብለው ያንኑ ቁጥር ከሙሉ ስሙ፣ ከፎቶግራፉና ከቤታችን አድራሻ ጋር ለማንም ክፍት በሆነው የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፉት። ማጨብጨብና መስማት የተለያዩ መሆናቸውን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪. በማግስቱ ከሳንቲም ያነሱ ገንዘቦች ወደ ዋሌቱ ይገቡ ጀመር። ሌቦች እንዲህ ያለውን ብናኝ የሚልኩት ገንዘቡ ሲንቀሳቀስ ዱካውን ለመከተል ነው። እርስዎ ግን «ስማቸው እንዳይጠቀስ ለፈለጉ ወገኖቻችን» ብለው በቻናሉ አመሰገኑ፤ እግዚአብሔር ብድራቸውን እንዲከፍልም ጸለዩ።

፫. ከወገኖችዎ አንዱ ቤታችን መጣ። ለቅሶ ቤት ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅምና ጥቁር ለብሶ ከእናቴ ከወይዘሮ አልታየሽ አጠገብ ተቀመጠ፣ አለቀሰ፣ ምሳ በላ። የተክለአብ የሥራ ባልደረባ ነኝ ብሎ ፎቶዎቹን ለማየት የወንድሜን ስልክ ሲለምናት በሁለት እጇ ሰጠችው። ሌላ እንግዳ ልትቀበል ስትነሳ የዋሌቱ መክፈቻ ያለበትን ያንን ስልክ ይዞ ወጣ።

ገንዘቡን ይውሰደው። በዚያ ስልክ ውስጥ ግን ተክለአብ ለእሁድ የሚለማመደውን መዝሙር የቀዳበት ድምፁ አለ፤ ሲሳሳት ቆም ብሎ በራሱ የሚስቅበት። ሌላ ቅጂ የለንም። እናቴ በየቀኑ አሰማኝ የምትለኝ ያንን ሳቅ ነው።

ስለዚህ ከአባላቱ ሁሉ ይልቅ ቻናልዎን በጥንቃቄ የሚያነበው ያ ሰው ስለሆነ፣ ስልኩን በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ጥሎልን እንዲሄድ በዚያው ቢለምኑልን፣ የአርባውንም ማስታወቂያ ያለ ቁጥሩና ያለ አድራሻችን ቢያወጡልን ውለታዎ ከባድ ነው።

ደግነትዎ ከእንግዲህ የቤታችንን ደጃፍ እንዳያልፍ በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣

እዮብ
የተክለአብ ታናሽ ወንድም፣ ተማሪ

ከፊርማ በኋላ፦ እርስዎ ለቅሶ የመጡ ዕለት መኪናዬ ይቀጣብኛል ብለው ከበር ተመለሱ። ሌባው ከሰዓቱን ሙሉ ከእናቴ ጋር አለቀሰ። እናቴ ያጽናኗትን ሰዎች ስታነሳ እስካሁን እሱን አትረሳም፤ እርስዎን ግን እኔ ነኝ የማስታውሳት።